ለምድጃ የተገዛች እስስት

እናቴ እስስቷን ከሲ ብላዒድ ሱቅ ስትገዛ ለእኔ የገዛችልኝ መስሎኝ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከገበያ የሚመጣ ነገር የማይበላ ከሆነ ለልጅ የተገዛ ይመስላል።

የሲ ብላዒድ ሱቅ በሞሮኮዋ ከተማችን ታሩዳንት ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነበር። ሥራ ሥር፣ ሂና፣ የደረቀ ጽጌረዳ፣ የጃርት ቆዳ ይሸጣል። በሩ ላይ የሽቦ ሣጥን ተንጠልጥሏል፤ እስስቶች አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ ተደራርበው ይቀመጡበታል። እናቴ ጥቁር መጎናጸፊያዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆመች። እንደ ልማዷ ዋጋ አልተከራከረችም። ሲ ብላዒድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእሱ ነው?» አላት። እሷ ሣጥኑን አየች። አንዷን እስስት ጣት ጣቷን ከሽቦው እያላቀቀ ካወጣት በኋላ፣ «እንዳትቸኩዪ» አላት። «መጀመሪያ ትብላ፣ ትጠንክር። የታመመች ትዋሻለች።»

እኔ ይህን ስሰማ ጤነኛዋ እስስት እውነት የምትናገርበት አፍ አላት ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤት እስክንደርስ በከረጢቱ ቀዳዳ እያየሁ «ኢጃ እባላለሁ» አልኳት፤ የእናቴን ስም፣ የአባቴን ስም ነገርኳት። ዝም አለችኝ። በቃ ታማለች አልኩ።

ነገሩ የገባኝ ላገባ ሰሞን ነው። የሰፈራችን ሴቶች ባላቸውን የጠረጠሩ እንደሆነ ከነሕይወቷ እስስት ገዝተው ፍም ላይ ይጥሏታል። ሥጋዋ ነጭ ሆኖ ከወጣ የሰውየው ልብ ቤቱ ነው ይላሉ። ጥቁር ሆኖ ከወጣ ልቡ ሌላ ቤት አለው። እናቴ እስስት የገዛችው ለዚህ ነበር። እኔ በከረጢት ቀዳዳ ስሜን የምነግራት ለእሳት የተገዛችውን ነበር።

አባቴ ሁማድ አጋዲር ወደብ ላይ በሰርዲን ጀልባ ነበር የሚሠራው። ሰርዲን የሚጠመደው በጨለማ ነው፤ ጨረቃ ስትሞላ ዓሣው መረቡን ያያል፣ ጀልባዎቹም ወደብ ላይ ታስረው ይውላሉ። ስለዚህ የሰፈራችን አጥማጆች ወደየቤታቸው የሚመጡት በሙሉ ጨረቃ ነው። ሴቶቹ ሂና የሚቀቡት፣ ምንጣፍ የሚያራግፉት፣ ልጆቻቸውን የሚያጥቡት ሰማይ ሰማይ እያዩ ነበር። እኔማ አባቴን የምታመጣው ጨረቃ ራሷ ትመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ጨረቃዋ ሞልታ ሳታመጣው ቀረች። ደግማ ሞላች፤ እሱ የለም። ለኢድ የሌሎቹ አባቶች ሁሉ ሲመጡ እሱ በሰው እጅ ስኳርና ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልኮ ቀረ።

ጎረቤታችን ኪልቱም ግድግዳ የምንጋራት ሴት ነበረች፤ እኔ አክስቴ እያልኩ ነው የምጠራት። የእሷ ባል እዚያው ወደብ ላይ መረብ ይጠግናል፤ የወደቡን ወሬ ይዞ ይመጣል። ከኢዱ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ናና ስትለቅም ኪልቱም አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ ከወደቡ አጠገብ ባለው ሰፈር በአንዛ ለአባቴ እራት አስቀምጦ የሚጠብቀው ቤት እንዳለ ነገረቻት። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ደስ አለኝ። አባቴ ባሕር ላይ ውሎ ጦሙን አያድርም ማለት ነው። እናቴ ናናውን ከነሥሩ ነቅላ መጣሏን አየሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ሲ ብላዒድ ሱቅ ሄድን።

እስስቷን ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሮማን ላይ አስቀመጥናት። እንደ ሰፈሩ ልጆች እግሯን በክር ላስራት ስል እናቴ ክሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እግሯ ይጎዳል። አንድ ነገር እንዳትሆን» አለችኝ። እናቴ ለዶሮ እንኳ እንዲህ ስታዝን አይቼ ስለማላውቅ ለእኔ ስትል ነው ብዬ ኮራሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ቆዳዋ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ፣ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ፀሐይ አናት ላይ እያለች ጨፍና ትውላለች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ ዝም። በሳህን ውኃ ባቀርብላት አላየችውም። ያን ጊዜ እናቴ መጥታ ውኃ በመዳፏ ይዛ ቅጠሉ ላይ ረጨችው፤ ጠብታዎቹ ሲያብረቀርቁ እስስቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች፣ ቀስ ብላ አንገቷን አስግጋ ከቅጠሉ ጠጣች። እናቴ የብርቱካን እርሻ ውስጥ ነው ያደገችው፤ እስስት ከሳህን እንደማትጠጣ ታውቅ ነበር። ስትጠጣ እያየች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ «እንዴት አደረች?» ትለኛለች። እኔም ያየሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ። ዛሬም ጨፍናለች። ዛሬ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወርዳ ተዘፍዝፋለች። ዛሬ ፌንጣውን አይታ ምላሷን ሳትዘረጋ ቀረች። እናቴ ታዳምጠኝና «እንግዲያው ዛሬ አይሆንም» ትላለች። የማይሆነው ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እናት ስለታመመ ፍጥረት ስትጨነቅ እንዲህ የምትል መስሎኝ ነበር።

አሁን እኔም በተራዬ እጠይቃለሁ። ልጄ ዊሳል ባለፈው ክረምት ከአንድ እርሻ አጥር ላይ አንዲት እስስት አግኝታ አምጥታ ታሳድጋለች፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን ጥዬ ስለ እስስቷ እጨነቃለሁ። ዊሳል ከስልኳ ታነብልኛለች፤ አንዳንዴም ተቀብያት ቀስ እያልኩ ራሴ አነበዋለሁ፣ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነውና። ማታ ስትተኛ መንጣቷ ጤና ነው። ጠዋት መጥቆሯ ፀሐይ ለመሳብ ነው፤ ይኸም ጤና ነው። ቆዳዋ መላጡ ማደጓ ነው። በቀን ዓይን መጨፈን፣ ምግብ መተው፣ ዓይን መሰርጎድ፣ እነዚህ ግን ያሳስባሉ። «እማዬ፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ? እስስት እኮ ናት» ትለኛለች ልጄ። እስስት ብቻ እንዳልሆነች እንዴት ብዬ ልንገራት።

እኔ ያን ጊዜ የሚነግረኝ ስልክ አልነበረኝም። ፀሐይ ስትገባ እንደ ወተት ስትነጣ ባየሁ ጊዜ ደሟ ፈሶ ያለቀ መስሎኝ ጮህኩ፤ እናቴ እጇ ዱቄት እንደሆነ እየሮጠች ወጥታ «ተኝታ ነው፣ አንቺ ልጅ፤ ልብሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ጠዋት አንድ ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙራ ስትጠቁር አኩርፋኝ ነው ብዬ ይቅርታ ለመንኳት። ቆዳዋ እንደ ቀጭን ወረቀት ነጭ እየሆነ ሲላጥ ደግሞ እየሞተች ነው ብዬ ምሳ አልበላ አልኩ። ከቆዳው ሥር ግን አዲሱ ወጣ። አረንጓዴ ነው፤ ገና ከዛፉ ያልወረደ የለውዝ ፍሬ ቅርፊቱ ሳይጠና የሚኖረው ዓይነት አረንጓዴ፣ በጎኗ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት። ምላሷ ፌንጣን ከሩቅ ይመታ ጀመር። ስትራመድ እንደ ትልቅ ወይዘሮ፣ አንድ እግር አንስታ እያሰበች ስለሆነ፣ የሰፈሩን የተከበሩ ሴቶች በምንጠራበት ስም ላላ አልኳት።

ኪልቱም ይህን ስትሰማ በግድግዳው ላይ ብቅ ብላ፣ «እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ላላ ያለኝ ሰው የለም» አለች። «ይቺ ደግሞ ዝንብ በላች ተብላ ላላ ሆነች።»

ላላ መዳኗን ባረጋገጥኩበት ጠዋት ወደ እናቴ ሮጥኩ። ገብስ እያጠበች ነበር። «ድናለች፤ ነይ እይያት» አልኳት። እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን እጠብቃለሁ፤ ፊቷ ግን ክፉ ወሬ የሰማ ሰው ፊት ሆነ። ተነስታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮማኑ ሥር መጥታ ብዙ ቆየች።

«እስቲ ስትሄድ ልያት» አለች።

ላላን በጣቴ ነካ አደረግኳት። ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ነፋስ እንደነካው ቅጠል፣ አንድ እርምጃ ሄደች።

«አየሽ? ትንቀጠቀጣለች» አለች እናቴ። «ገና ነች።»

«ሁልጊዜ እኮ እንደዚህ ነው የምትሄደው።»

«ገና ነች አልኩሽ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሽታ የምታገኝባት እናቴ ሆነች። ላላ አንድ ዓይኗን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ስታዞር «ራሷን ያማታል መሰለኝ» ትላለች። ድመቷን አይታ ሆዷን ነፍታ ስታፏጭ «ደረቷ ነው» ትላለች። ጭራዋን ጠቅልላ ብትተኛ ሆዷን ቆርጧት ነው። እኔ ጠባቂዋ ነበርኩና ሥራዬን እንደናቀችብኝ ቆጥሬ አኮረፍኩ። በልጅነቷ እስስት ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ብርቱካን ስትለቅም የዋለች ሴት የእስስትን አካሄድ አታውቅም ብሎ ማመን፣ ያ የልጅ ነገር ነው። ማወቁንማ ታውቅ ነበር። ስትድን ምድጃው ይነዳል፤ ምድጃው ከነደደ መልሱ ይመጣል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ኪልቱም ፍም የሞላበት የሸክላ ምድጃ በሁለት እጇ ተሸክማ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ግቢው መሐል አስቀመጠችው። ዓሣ ልንጠብስ ነው ብዬ ሳህን ላመጣ ተነሳሁ። እናቴ ግን ሮማኑን ተደግፋ፣ ጀርባዋን ለላላ ሰጥታ ቆማለች፤ ላላ ልክ ከትከሻዋ በላይ ናት።

«በይ እንግዲህ» አለች ኪልቱም። «ከዚህ በላይ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ታማለች።»

ኪልቱም ላላን አየቻት። «ማን? ይቺ? የቃዲ ሚስት መስላ?»

እናቴ፣ «ዛሬም አልበላችም፣ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አድራለች» አለች። ሁለቱም ውሸት ነበር። ላርማት አፌን ስከፍት እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈና ጠበቀ። ኪልቱም ስለራሷ ታወራ ጀመር፤ እሷ በወጣትነቷ እንዳደረገችው፣ ነጭ እንደወጣላት፣ ከዚያ ወዲህ ተኝታ እንደምታድር።

«ያንቺን ሰውዬማ እስስት ባይቃጠልም ማንም እንደማይወስደው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለቻት እናቴ።

ኪልቱም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጎንበስ ብላ ምድጃዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ያምና» አለቻት፣ የእናቴን ስም እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ጠርታ አታውቅም፤ «እስስቷ አይደለችም የታመመችው።»

እኔ ይህን ቃል በቃል ያዝኩት። እናቴ ታማለች። የማውቀው የበሽታ ምልክት የላላን ስለሆነ እናቴን በዚያው መጠበቅ ጀመርኩ። ትበላለች? ዳቦውን ቆርሳ ለእኔ ትሰጣለች እንጂ አትበላም። በቀትር ዓይኗን ትጨፍናለች? አዎ፤ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ፀሐይ ፊቷ ላይ እያለች ትጨፍናለች። ዓይኗ ሰርጉዷል? ትንሽ። ውኃ በመዳፌ ይዤ ልሰጣት ሄጄ ቀሚሷ ላይ አፈሰስኩት፤ አልተቆጣችኝም፣ እጄን ይዛ ቆየች። አሁን ሳስበው ከኪልቱም ይልቅ እኔ ነበርኩ በትክክል ያየኋት።

አባቴ የመጣው ጨረቃዋ እንደ ጥፍር ቀጥና ሳለች ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘንቢሉን በር ላይ ጥሎ፣ ሰላምታ ሳይሰጠን፣ ቀጥ ብሎ ሮማኑ ሥር ሄደ። እኔ ጨረቃ ሳትሞላ አባቴ ሊመጣ እንደሚችል አላውቅም ነበርና፣ ላላን ሊያይ ነው የመጣው ብዬ አሰብኩ። ልጅ ሆኜ ስለ አባቴ ካሰብኩት ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነው። የኪልቱም ባል ወደብ ላይ ነግሮት ኖሯል፤ ጀልባው ላይ ያሉት ሁሉ ሚስትህ እስስት እያደለበች ነው እያሉ ሲስቁበት ሰንብተዋል።

«ያንቺ ናት?» አለኝ።

«የኔ ናት። ስሟ ላላ ነው።»

እናቴ ከቤት ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች። አባቴ ከስቶ ነበር፤ ጢሙ ውስጥ ከዚህ በፊት ያላየሁት ሽበት አለ። እሷ ያንን ስታይ አየኋት።

«ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው፣ ያምና» አላት።

«እኔ ስስቅ የነበርኩ መሰለህ?»

ሸሚዙን ወደ ታች ጎተተ፣ መልሶ ለቀቀው። ከዚያ፣ «አንድጂው እንግዲህ» አለ። «እኔም ቆሜ ልየው።»

ጮክ ብሎ አልተናገረም። የሚነደው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ የገባኝ እናቴ ላላን፣ ከዚያ አባቴን፣ መልሳ ላላን ማየቷ ነው። ላላ በዚያች ሰዓት ከሁልጊዜው ይልቅ አምራ ነበር፤ አረንጓዴዋ ከሮማኑ ቅጠል ይበልጣል።

«ታማለች» አለች እናቴ።

ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ። አባቴ ፊት እስስት መጠበቅ የማልችል ልጅ ልባል ነው። «አልታመመችም፣ አባ» አልኩት። «እናቴ አታውቅም። ጠዋት ብዙ ፌንጣ በልታለች። ዓይኗም ደህና ነው፣ ቆዳዋም አዲስ ነው። ደህና ናት።»

አባቴ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ።

«ልጅቷ ደህና ናት ትላለች።»

«ልጅቷ ልጅ ናት» አለች። ከደፉ ወርዳ በእሱና በዛፉ መሐል ቆመች። «ታማለች አልኩህ፣ ሁማድ። የታመመች ደግሞ ትዋሻለች። እኔ ውሸት ቤቴ አላስገባም።»

አባቴ የግቢያችን የውኃ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይርገበገብ ጀመር። እኔ ለላላ አዝኖ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሄጄ ጉልበቱን ያዝኩና፣ «አታልቅስ አባ፤ ትድናለች» አልኩት። አቀፈኝ፣ አጥብቆ፣ አጥንቴን እስኪያመኝ።

እናቴ «ራበህ?» አለችው። የገብስ ዳቦና የአርጋን ዘይት አቀረበችለት። ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሷም በላች፤ ይህን ልብ ብዬ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ላላን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ይዛ፣ እኔን በሌላ እጇ ይዛ፣ ከከተማው ግንብ ውጭ ወዳለው የብርቱካን እርሻ ወሰደችን። ዛፍ ላይ አስቀምጪያት አለችኝ። አለቀስኩ። አባቴ ስለመጣ እኔን ልትረሳኝ ነው፣ ላላን የምትጥላት ስለማትወዳት ነው ብዬ ብዙ ክፉ ነገር ተናገርኩ። «እዚህ ትድናለች» ከማለት በቀር አልመለሰችልኝም። ላላ ጣቶቼን በየተራ እየለቀቀች ቅርንጫፉን ያዘች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ቅጠሉ ውስጥ እያየኋት ጠፋችብኝ።

አባቴ ቀጣይዋ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል ከእኛ ጋር ቆይቶ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በአንዳንዱ ጨረቃ ይመጣ ነበር፣ በአንዳንዱ አይመጣም። ሲመጣ እናቴ ውኃ ታሞቅለታለች። የት ቆየህ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ካገባሁ በኋላ ነው የሞተው፤ ሬሳውን ከወደብ ያመጡት ሰዎች መሐል አንድ ለጋ ወጣት ነበር፤ ከማንም በላይ ሲያለቅስ አየሁት፤ ማን እንደሆነ ግን እናቴም አልጠየቀች፣ እኔም አልጠየቅሁ። ምሳውን ግን እናቴ በራሷ እጅ አቀረበችለት።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል። በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ዊሳል እስስቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣላት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እናቴ ጣቷን እየዘረጋች የእስስቷን ጀርባ ትዳብሳለች። ለዓመታት ልጠይቃት ፈርቼ የኖርኩትን ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ላላን ፍም ላይ ጥለሻት ቢሆን ምን ሆና የምትወጣ ይመስልሻል፣ ነጭ ወይስ ጥቁር?

አልደነገጠችም። «ነጭ ብትወጣ አላምናትም ነበር» አለች። «ከመግዛቴ በፊት አውቄዋለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ገዛሻት?»

«ሴቱ ሁሉ ግዢ አለኝ። ገዛሁ።» እስስቷ ወደ ክንዷ ስትወጣ እጇን ዘንበል አደረገችላት። «ጥቁር ብትወጣ ኪልቱም እያየችኝ በሩን ልዘጋበት ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሰው አይቶ እንዳላየ መሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው አብሮት ካየ ግን አይችልም። እኔ ደግሞ በሩን መዝጋት አልፈለግሁም።»

ከደጅ የሆነ ልጅ እየሮጠ አለፈ። የጨረሰች መስሎኝ ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አባትሽ መጥቶ በሄደ ቁጥር» አለች፣ ድምጿ የእሷ እስከማይመስለኝ ዝቅ ብሎ፣ «ትራሱን አላጥበውም ነበር። ጨው ጨው ይሸታል። ሽታው በራሱ ጊዜ እስኪሄድ እተወዋለሁ። አንዳንዴ እሱ ተመልሶ ሳይመጣ ሽታው ያልቅብኝ ነበር።»